የቆየ ጆሮ አዲስ አልበም ሲሰማ

አንድን ባንድ ለረጅም ዓመት የወደደ ሰው አዲሱን አልበም ሲከፍት ጆሮው ባዶ አይደለም። የቀደሙት ሥራዎች ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። የትኛው ሙዚቃ በምን መግቢያ እንደሚጀምር፣ ቤዙ የት ላይ እንደሚዘል፣ ድራሙ ከመቆሙ በፊት የሚመታት ያቺ አንዲት ምት ሳትቀር በቃሉ ያውቃቸዋል። ይህ እውቀት ለዳኝነት ትልቅ ሀብት ነው፤ ለውጥ ሲመጣ ከማንም ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነውና። በዚያው ልክ እንቅፋት ይሆናል፤ አዲሱን የሚሰማ እየመሰለው አሮጌውን ሲፈልግ ሊውል ይችላል። ስለዚህ የወዳጅ የመጀመሪያ ስሜት የሚጣልም እንዳለ የሚወሰድም አይደለም። ከሙዚቃው የመጣው ከትዝታ ከመጣው ሲለይ ብቻ ነው ለፍርድ የሚበቃው።

ለዚህ ምዘና ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የኃይሉ መርጊያን ያህል የሚመች ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው፤ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ታዳሚው እዚያው ስለሚያድር ሙዚቃው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። “ቼ በለው” የተሰኘው፣ በመሣሪያ ቅንብር የታወቀው አልበማቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ወጣ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። በ1981 ባንዱ ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉና የተወሰኑ ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። በታክሲ ሹፌርነት ሲኖር ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞር፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅባት ጊዜም ይለማመድ ነበር። ያንን ካሴት አሜሪካዊው የካሴት ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 በድጋሚ አሳተመው፤ በቀጣዩ ዓመት “ቼ በለው” ተከተለ። በየካቲት 2018 ደግሞ “ላላ በሉ” የተባለ አዲስ አልበም መጣ። ከ1985ቱ ካሴት ሲቆጠር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድ አድማጭ ይህን ያህል ዘመን የጠበቀውን ሥራ በቀዝቃዛ ጆሮ ይሰማል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት ጆሮው ራሱ ነው። ከሰባዎቹና ከሰማንያዎቹ ባንዶች ጋር ያደገ ሰው አብዛኛውን ሙዚቃ የሰማው በካሴት ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ ከኦርጅናሉ የተቀዳ፣ አንዳንዴም ከቅጂው የተቀዳ ቅጂ ነው። ካሴት በተቀዳ ቁጥር የሲምባሉና የትራምፔቱ ጫፍ እየደበዘዘ፣ ከበስተኋላ ያለው “ሽሽሽ” የሚል ድምፅ እየገነነ ይሄዳል። የቴፑ ሞተር ሲደክም ደግሞ ዜማው ሁሉ ትንሽ ወረድ ብሎ ይጎተታል። ክሩ ተጠላልፎ በእስክሪብቶ የተጠቀለለ ካሴት ያለው ሰው አንድን ዘፈን ለዓመታት ከተቀዳበት ቁልፍ ዝቅ ብሎ ሰምቶት ይሆናል። “የድሮው ሙቀት የለውም” የሚለው ፍርድ ሲሰነዘር ከሙቀቱ ገሚሱ የባንዱ፣ ገሚሱ የቴፑ እንደነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አዲሱን ከመክፈት በፊት አሮጌውን በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያው የድምፅ ልክ አንዴ ሰምቶ ማለፍ። “ቼ በለው”ን በንጹሕ ኅትመቱ የሚሰማ ሰው ኦርጋኑ ከሚያስታውሰው ይልቅ ሾል ያለ፣ ድራሙም ከሚያስታውሰው የደረቀ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ከሰማ በኋላ ንጽጽሩ በእውነተኛው አሮጌ አልበምና በእውነተኛው አዲስ አልበም መካከል ይሆናል።

የመጀመሪያው መስማት ሳይቆራረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። የዚህ ዙር ምስክር ገላ ነው፤ ትከሻ፣ እግር፣ ጠረጴዛ የሚመታ ጣት። ምት በመጀመሪያ መስማት በደንብ ይዳኛል፤ አካል ከቃል ቀድሞ ይመልሳልና። የመሣሪያዎቹ ድምፅና ቅንብሩም ወዲያው ይታወቃሉ። በዚህ ዙር የማይታመነው በዜማ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። አሮጌው ዜማ ሺህ ጊዜ ተሰምቶ ከሠርግ፣ ከጉዞ፣ ከሰው ጋር ተጣብቋል፤ አዲሱ ገና ዛሬ መጣ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትናንት የተተከለ ችግኝን ከጓሮው ዋርካ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ለዜማ የሚያገለግለው ፈተና ሌላ ነው። አልበሙን ዘግቶ ማደር፣ ከዚያም በማግስቱ ጠዋት ፊት ሲታጠቡ ሳይጠራ የሚመጣውን መያዝ። ሳይጠራ የመጣው ዜማ አልበሙ ከተሰማባት የመጀመሪያ ሰዓት ይልቅ ስለ አልበሙ ብዙ ይናገራል።

ወደ ምቱ ሲገባ፣ ችክችካ የሚባለው በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠር ነው፤ ስድስት አጫጭር ምቶች ሦስት በሦስት ይቧደናሉ። በወረቀት ላይ ሲጻፍ ማንም ይመታዋል። በጆሮ ሲሰማ ግን እንደ በቅሎ ሶምሶማ ነው፤ ረዘም፣ አጠር፣ ረዘም፣ አጠር እያለ ይሄዳል፣ ያቺ አጭሯ ደግሞ በትክክል በምትጠበቅበት ቅጽበት ላይ አታርፍም። ከፀጉር በቀጠነ ልዩነት ትዘገያለች ወይም ትቀድማለች። ትከሻ የሚነሣው በዚያች ልዩነት ነው። ጥሩ ድራመር በሃይሃቱ ይህን ሶምሶማ ሲይዝ ቤዙ በሁለት ይቆጥራል፤ አጨብጫቢው ከፈለገ በሦስት ይቆጥራል፣ ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። ምቱ ከተለካ በኋላ የሚቀር ጥያቄ አለ። ድራመሩና ቤዙ ይነጋገራሉ ወይስ ሁለቱም ለየብቻ ትክክል ናቸው? ለየብቻ ትክክል የሆኑበት አልበም ይሰማል እንጂ አያስጨፍርም።

በ“ላላ በሉ” ላይ ይህ ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል፤ ድራሙን የያዘው ቶኒ ባክ፣ ቤዙን የያዘው ማይክ ማይኮቭስኪ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸውና። የዋልያስ ወዳጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ጥርጣሬው ግን ወደ ፍርድ ከመለወጡ በፊት በጆሮ መፈተን አለበት። ቶኒ ባክ የመጣው ረጅምና ቀስ እያለ በሚለወጥ ሙዚቃው ከሚታወቀው “ዘ ኔክስ” ከተባለ ባንድ ነው፤ አመታቱ ልቅ ነው፣ ሲምባሉን ያንሳፍፈዋል፣ ኃይሉ ሲያጠብቅ እሱ ይለቃል። የዋልያስን ድራም ለመምሰል አይሞክርም። እዚህ ላይ ነው የቆየ አድማጭ ሁለት ነገሮችን መለየት ያለበት። ምቱ ከተለመደው መለየቱ አንድ ጉዳይ ነው፣ ምቱ መሳሳቱ ሌላ። ሶምሶማው እስካልጠፋ ድረስ ፈረሰኛው ማንም ቢሆን መንገዱ ያው ነው። ቶኒ ባክ የዋልያስን ድራም ቢመስል ኖሮ ይከፋ ነበር፤ የሌላውን እጅ የሚኮርጅ ድራመር ጥሩ ሲሆን እንኳ የሚያመጣው ቅጂ ነው።

ቅኝት ከምት ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ብዙ አልበም የሚሰናከለውም እዚያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። የትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። አሁን አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ይህን ዜማ በተለመደው የምዕራባውያን ስምም (ኮርድ) ላጅበው ቢል ምን እንደሚሆን ማየት ጥሩ ነው። በፋ ላይ የቆመው ስምም ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ በሶል ላይ የቆመው ሶል፣ ሲ፣ ሬ። በሁለት ንክኪ ቅኝቱ ያባረራቸው ሁለቱ ድምፆች ተመልሰው ገቡ። ዜማው በዘፋኙ አፍ ትዝታ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው አጃቢ ወደ ተራ ሜጀር ይጎትተዋል። አድማጩ የሙዚቃ ትምህርት ባይኖረውም ይታወቀዋል፤ “ለዛው ጠፋ” የሚለው ይህን ነው። አዋቂ አቀናባሪ ሦስተኛውን ድምፅ አውጥቶ ክፍት ስምም ይጠቀማል፣ ወይም ቤዙን በአንድ ድምፅ ላይ አቁሞ ዜማው ብቻውን እንዲሄድ ይተወዋል፣ ወይም ደግሞ ሙላቱ እንዳደረገው የውጭውን ድምፅ አውቆና መርጦ ለቀለም ያስገባዋል። አውቆ ማስገባትና ሳያውቁ ማፍሰስ በመጀመሪያው መስማት አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። በሦስተኛው ግን ይለያሉ፤ ታውቆ የገባው ሁልጊዜ በሚገባው ቦታ ተመልሶ ይመጣልና።

አንቺሆዬ ከሁሉም ይከብዳል። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ሁለት ጊዜ በግማሽ እርምጃ የሚጠጋጉ ድምፆች አሉበት፤ በመካከላቸው ደግሞ ሰፊ ክፍተት። በክራር ላይ ደርዳሪው በጆሮው ስለሚቃኘው ክፍተቶቹ ለስላሳ ይሆናሉ፤ ኪቦርድ ግን የተቆረጠለት ድምፅ ብቻ ስላለው ቅኝቱ ጠርዝ ያወጣል። ስለዚህ የአንድን ባንድ ትልቅነት ለመለካት አንቺሆዬውን መስማት በቂ ነው ማለት ብዙ ማጋነን አይሆንም። “ላላ በሉ” ላይ “አንቺሆዬ ለኔ” የሚባል አለ። ኃይሉ በዚህ ሙዚቃ ላይ አይጣደፍም፤ በጠባቦቹ ድምፆች መካከል ጊዜ ይሰጣል፣ ጠርዙም ይሟሟል።

የአልበሙ መክፈቻ “ትዝታ” ከአሥር ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ ጠጋ ብሎ መስማት የሚገባውም እሱ ነው። በአኮርዲዮን ይጀምራል። አኮርዲዮን ትንፋሽ ያለው መሣሪያ ነው፤ ወናፉ ጠንከር ተደርጎ ሲሳብ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲላላ ይሳሳል፣ እንደ ማንጎራጎር ነው። በዚህ መክፈቻ ዜማው ሳይቸኩል ይነገራል፣ እያንዳንዱ ሐረግ ሲያልቅ ትንሽ ጸጥታ ይከተላል። የቆየ ወዳጅ እዚህ ቦታ ላይ ልቡ ይሞላል፣ ተገቢም ነው፤ ሆኖም ልብ መሙላቱ የ1985ቱ ካሴት ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ያንን አኮርዲዮን ያውቀዋልና። ፍርዱ መሰጠት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። ምቱ ሲገባና ሙዚቃው ሲፈጥን ኃይሉ መሣሪያ ይቀይራል። አኮርዲዮኑ የተነፈሰበት ቦታ ላይ ኪቦርዱ ይነክሳል፤ ያው ዜማ በእንጉርጉሮ ከተባለ በኋላ በጭፈራ ይባላል። ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ትዝታን ማፍጠን ብዙ ጊዜ ትዝታን ማጣት ነውና። እዚህ ግን ሲፈጥንም ሐዘኑ ከሥር አለ። አሥር ደቂቃው የሚረዝምባቸው አድማጮች ይኖራሉ፤ መጽሔት እያገላበጠ ለሚሰማ ሰው በእርግጥም ይረዝማል።

ዘፋኝ ያለበት አልበም ሲሆን ምዘናው ግጥምን ይጨምራል። ግጥሙ ዜማው ላይ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ፊደል ላልቶ ከተዘፈነ ቃሉ ይጣመማል፤ ይህን ለመያዝ ግጥሙን ያለ ሙዚቃ በንግግር ማለትና ከዘፈኑ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ሰምና ወርቁ ደግሞ ለሁለተኛው ሳምንት የሚተው ነው። ከግጥም፣ ከዜማና ከቅንብር አንጻር ማን ምን እንደሠራ ከሽፋኑ ማየትም ይጠቅማል፤ ዘፋኙ ያው ሆኖ “ተለወጠብኝ” የሚባለው ብዙ ጊዜ አቀናባሪው ሲለወጥ ነው።

እዚህ ላይ የሮሃ ባንድ ነገር ይነሣል። ከአይቤክስ ባንድ የተወለደው ሮሃ በሰማንያዎቹ ብዙ ዘፋኞችን አጅቧል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ፊት ይለዋወጣል፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝና የሰላም ሥዩም ጊታር ግን አይጠፉም። ልምድ ያለው አድማጭ የዘፋኙን ስም ሳያነብ ከመግቢያው “ሮሃ ነው” ይል ነበር። “እጁ ይታወቃል” የሚባለው ይኸው ነው። አዲስ አልበም ሲመዘን የሚፈለገውም ይህ እጅ ነው፣ የድሮው ዜማ መልክ አይደለም። እጅ ማለት አንድ ተጫዋች መቼ ዝም እንደሚል፣ ሐረጉን ከምቱ ቀድሞ ወይስ ዘግይቶ እንደሚዘጋ፣ ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳይ ልማድ ነው። መሣሪያ ሲቀየር፣ ስቱዲዮ ሲቀየር፣ አጃቢ ሲቀየር ይህ ይቀራል። አልበሙ የድሮውን ዘፈን መልክ ይዞ እጁን ካጣ ተዳክሟል፤ መልኩን ጥሎ እጁን ከያዘ ባንዱ በሕይወት አለ።

ስለ ማሽንም በዚሁ መንገድ መፍረድ ይቻላል። ትላልቆቹ ባንዶች እየተበተኑ ሲሄዱ ኪቦርድ የትራምፔትና የሳክስፎንን ቦታ ያዘ፣ ድራም ማሽንም ተከተለ፤ በዚህ ብዙ ወዳጅ አዝኗል፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። ትራምፔትን ለማስመሰል የተጫነ የኪቦርድ ድምፅ ምንጊዜም የሌለውን ሰው ያስታውሳል። ግን የ1985ቱ ካሴት በድራም ማሽን ነው የተሠራው፣ ያም ሆኖ የሚወደድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ማሽኑ ማንንም አለማስመሰሉ ነው። ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ሶምሶማው ከአኮርዲዮኑ ይመጣል። በዛሬው አልበም ላይ ኮምፒውተር ተሰማ ተብሎ ፊት ከማዞር በፊት ያ ድምፅ የሰው ምትክ ነው ወይስ የራሱ ሥራ አለው ተብሎ ይጠየቅ። ድምፁ ሁሉ እኩል ጮኾ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ጠፍቶ፣ ከሦስት ሙዚቃ በኋላ ጆሮ ከደከመ ግን ጥፋቱ በሚክሲንጉና በማስተሪንጉ ነው፤ ተጫዋቹን በዚያ መክሰስ አይገባም።

ቅደም ተከተሉም ይመዘናል። በካሴት ዘመን ኤ ጎን በጠንካራ ዘፈን ይከፈታል፣ ቢ ጎን እንደገና ይነሣል፤ አድማጩ ካሴቱን ሲገለብጥ ይተነፍሳል። አሁን ነጠላ ዜማ እየተለቀመ በሚሰማበት ጊዜ ብዙ አልበም የተከመረ ነው እንጂ የተሰደረ አይደለም። “ላላ በሉ” ስድስት ሙዚቃ ብቻ ነው። በረጅሙ “ትዝታ” ይከፍታል፣ “አዲስ ናት”ንና “ጉም ጉም”ን አልፎ ይሄድና በ“የፍቅር እንጉርጉሮ” ይዘጋል፤ በዚህ መጨረሻ ላይ ቤዝም ድራምም የለም፣ ኃይሉ ብቻውን በፒያኖ ነው። ሙሉ ባንድ የጠበቀ ወዳጅ በመጀመሪያው ቀን ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። በአራተኛው ቀን ሲሰማው ግን አልበሙ ከብዙ እጅ ወደ አንድ እጅ ሲመለስ ይታያል፤ የሌሎቹ መሣሪያዎች ዝምታ ውስጥ እጁ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ግልጽ ነው። የአልበሙ ምርጥ ሥራ ይህ ነው ቢባል የሚያሳፍር ፍርድ አይሆንም።

የመጨረሻው ፈተና የሚመጣው ከአልበሙ ውጭ፣ ከቀጣዩ አልበም ነው። በ2020 “የኔ ምርጫ” ወጣ። እዚህ ቤዙን ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራሙን ኬኔት ጆሴፍ ያዙ። በማሲንቆ ሰጠኝ አጠናው፣ በሳክስፎን ደግሞ የዋልያሱ ሞገስ ሀብቴ ገባበት። በ2018 “የሳክስፎኑ አለመኖር አልጎዳውም” ብሎ የፈረደ አድማጭ ሞገስ ሲነፋ ሲሰማ ያንን ፍርዱን ማንሣት አለበት። “ላላ በሉ”ን መልሶ ይከፍታል፣ “ጉም ጉም” ላይ ይደርሳል፣ ሳክስፎን ሊገባበት ይችል የነበረውን ቦታ ኪቦርዱ በምን እንደሞላው እንደ አዲስ ይሰማል።